ዘፈኑን ያልጠበቀው ባቡር

ታሃኒዬ፣

እነዚያ ስታይ የምትነፈርቂባቸው ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ሰው በረሃ መሃል ሲዘፍን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኦርኬስትራ ያጅበዋል፤ እሱን ይቅር ብያለሁ። ባቡር ዘፈን እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቁ ግን አይዋጥልኝም እልሽ የለ? ዛሬ እስክንድርያ ጣቢያ ማስረጃዬን አገኘሁ።

አንድ ጎረምሳ የእጮኛውን ሻንጣ በእግሮቹ መሃል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍንላታል። መንገደኛው ከቦት አዝማቹን ይቀበላል። እሷ በባቡሩ መስኮት ብቅ ብላ "ኧረ ሻንጣዬን አቀብለኝ!" ብትል፣ ከከበቡት መሃል ሴቶቹ "ዝም በይ አንቺ! ገና ሁለተኛው ስንኝ አለ!" ብለው ጮኹባት።

ባቡሩ ሄደ። ስንኙ ቀጠለ።

ሲጨርስ ዓይኑን ገለጠና ባዶውን ሐዲድ አየ። ወደ እኔ ዞሮ "ሰምታኛለች ግን?" አለኝ።

"አንጀቷ እስኪርስ!" አልኩት። ምን ልበለው?

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ ስላለቀብኝ ዳር ዳሩን ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ። ካይሮ ጣቢያ ሻንጣ የሌላት፣ የተቆጣች ልጅ ካየሽ አጽናኛት። ይህ ካርድ ከቀደመኝ ለእራት አትጠብቁኝ፤ ባቡሩ የኔም ነበር። አዝማቹን ስቀበል አመለጠኝ።

ናግዋ