«አባብዬ»ን «ሸጋዬ» ላደረጉልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ሞጣ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ
የማለዳ ወፍ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የድርጅትዎን መስፋፋት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በሞጣ ከተማ የአማርኛ መምህር የሆንሁት አካለ ወልድ ገብረ ኪዳን፣ እርስዎ የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላዋን ያወጡላት የዘፋኟ የጥሩአየሁ ገብረ ኪዳን ታላቅ ወንድም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ቀደም ሲል በግል ለላክሁት ደብዳቤ መልስ የሰጡኝ ጸሐፊዎ ብቻ ስለሆኑ፣ የሥራዎን ብዛት ተገንዝቤ፣ ምናልባት ያነበበ ሰው ይነግርዎ ይሆናል በሚል ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

እርስዎ የሚያውቁት የሸክላውን ሽያጭ ስለሆነ፣ የማያውቁትን ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ። አባታችን መሪጌታ ገብረ ኪዳን በቢቸና የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ጉባኤው እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው ጥሩአየሁ ነበረች፤ ዜማውንም የለመደችው እንዲሁ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በመስማት ነው። ዘፋኝ ልትሆን አዲስ አበባ በሄደች ጊዜ አባታችን፣ «እጄን መንገድ ላይ ለቃኝ ሄደች፤ ከእንግዲህ ስሟን በፊቴ አታንሡ» አሉ። እኛም አላነሣንም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እህቴ ከዘፈኖቹ ሁሉ ነፍሷን የሰጠችው ለአንዱ ነበር፤ የሁለተኛው ገጽ መዝጊያ ለሆነው፣ ራሷ ለገጠመችው፤

«አባብዬ ክፈት፣ ቆሜያለሁ ከደጅህ፤
በዓይንህ ባታየኝም ዳስሰኝ በእጅህ።»

ክቡርነትዎ ይህን በሰሙ ጊዜ «ለአባት ማን ይጨፍራል?» ማለትዎን ነግራኛለች። አባብዬ የሚለው ወጥቶ ሸጋዬ የሚል እንዲገባ አዘዙ፤ አልዘፍንም አለች። ያን ጊዜ እንደ አባት ትከሻዋን መታ አድርገው፣ «ሁለት ጊዜ ዝፈኚው፤ አንዱን ለአባትሽ፣ አንዱን ለእኔ። የሚወጣው የአባትሽ ነው፤ የእኔው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል» አሏት። እሷም የሰው ቃል የሚታመንበት አገር ያደገች ናትና፣ ሁለቱንም ዘፈነችልዎት።

ሁለተኛ፣ በሸክላው ሽፋን ላይ ስላወጡት ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። ቀሚሱ የድርጅቱ ነው ብላኛለች፤ ጨርቁ አጥሮባችሁ እንደሆነ ብትጽፉልን ኖሮ ከዚህ የሚበቃ ጥበብ እናስልክላችሁ ነበር። ሞጣ ከተማ ሁሉ ጉልበቷን ሲያይ ያላዩት አባታችን ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ግን የማመሰግነው እርስዎን ሳይሆን ፈጣሪዬን ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ጥሩአየሁ ሸክላው ሊወጣ ሲል «አባቴን አሰማልኝ፤ በስሙ እየጠራሁ ይቅርታ ለምኜዋለሁ» ብላ ላከችብኝ። እኔም ቢቸና ወርጄ ለአባታችን ነገርኋቸው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ቀን ያለ ምንም መነሻ፣ «እስቲ ወስደህ አሰማኝ፤ መስማቱ ኃጢአት ከሆነ ንስሐ እገባበታለሁ» አሉኝ። በእህል ጫኝ መኪና ጋቢና አስቀምጬ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ ይዣቸው መጣሁ። መንገዱን ያውቁት እንደሆነ አላውቅም፤ ሽማግሌ የሚጓዝበት መንገድ አይደለም። አቧራው ቢያፍናቸውም አንድም ጊዜ አላማረሩም። እንዲያውም «ድምጿ ወፍሮ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

ሸክላ ማጫወቻ ያላቸው ወይዘሮ ፋንታነሽ ናቸው፤ ጠጅ ቤት አላቸው። ለአባታችን ክብር ሲሉ የዚያን ቀን ጠጅ መሸጡን ትተው፣ ብርሌውን ሁሉ ወደ ጓዳ አስገብተው፣ ቤቱን ጠራርገው ጠበቁን። አባታችን በመቋሚያቸው ተደግፈው ተቀመጡ። በበርና በመስኮት የከተማው ወጣት ተኮልኩሏል።

የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ «ይህ አወጣጥ የእኔ ነው፤ ከእኔ ነው የሰረቀችው!» አሉና ፈገግ አሉ። ክቡር ሆይ፣ ልጃቸው ከሄደች ወዲህ ያን ፈገግታ አላየሁትም ነበር። ወይዘሮ ፋንታነሽ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም የሠርግ ቤት ሽማግሌ የሆንሁ ያህል ኮራሁና፣ «አባ፣ የእርስዎ የመጨረሻው ነው፤ አሁን ይመጣል» አልኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

መጣ።

«ሸጋዬ ክፈት፣ ቆሜያለሁ ከደጅህ፤
በዓይንህ ባታየኝም ዳስሰኝ በእጅህ።»

ለዓይነ ስውር አባት የተባለው ቃል ለወዳጅ ሲባል ምን እንደሚሆን፣ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። በበሩ ላይ ያሉት ወጣቶች ሳቁ፤ አንዱ አፏጨ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ሊያጠፉት ሮጡ፤ አባታችን ግን እጃቸውን አንሥተው «ይጨርስ» አሉ። እስኪያልቅ ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አካለ ወልድ፣ ለእኔ የተባለው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ነው ብላቸው ነውር ነው። የለም ብላቸው ልጃቸው አልጠራቻቸውም ማለት ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎትና መልሱን ካወቁት ቢልኩልኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አባታችን ተነሡና «ና ውሰደኝ፤ መሽቷል» አሉ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

በመልሱ ጉዞ ነገሩን ገምቼ ላስረዳ ሞከርሁ። «ቃሉን የለወጠው ሻጩ መሆን አለበት፤ ለእርስዎ እንደገጠመችው አውቃለሁ» አልኋቸው። «ያ ሻጭ ነው የዘፈነው?» አሉኝ። «አይደለም፤ እሷው ናት» አልሁ። «በእሷ አፍ?» «አዎ አባ፣ በእሷ አፍ።» «እንግዲያውስ ተወው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንዲህ ያለ ሰም ካለበት ወርቁን አልፈልገውም» አሉ። ስለ እሷም የተናገሩት የመጨረሻው ይህ ነው። በሐምሌ፣ ዝናቡ መንገዱን በዘጋበት ሳምንት ዐረፉ።

ጥሩአየሁ ከመኪና ወርዳ ጭቃውን በበቅሎ አቋርጣ በሰልስቱ ደረሰች። የአባታችን ተማሪዎች ከመቃብሩ አጠገብ አላስቀርብ አሏት፤ አልፈርድባቸውም፣ እነሱም የሰሙት እርስዎ ያሰሟቸውን ነው። ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። እኔ ልሸኛት ደጀን ድረስ ሄድሁ። ሾፌሮች መኪና አቁመው በሚያድሩባቸው ቤቶች ሁሉ፣ በዚህም በዚያም ያ ዘፈን ይጮኻል፤ ሾፌሮቹ ይቀበሉታል። ሻሿን በጆሮዋ ላይ ጎትታ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም፤ ለምን እንደሆነም ጠይቄያት አላውቅም።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ቁጠባዎ ነው። በፊተኛው ደብዳቤዬ የለመንሁዎት አንድ ነገር ነበር፤ ያን የመጀመሪያውን፣ «አባብዬ» የሚለውን ቅጂ እንዲልኩልኝ። ላሰማው የምችለው ሰው እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ እንዲያው እንዲኖረን ነበር። ጸሐፊዎ በጥሩ ወረቀት እንደመለሱልኝ ግን፣ የቴፑ ክር እንዳይባክን በላዩ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ተቀድቶበታል። ስለዚህ ከእንግዲህ የምለምንዎት ነገር የለም። ይህን በማድረግዎም ከደጅ መጥናት አሳርፈውኛል።

ጆሮ የሰጠዎ አምላክ መስማትንም እንዲጨምርልዎ፣ ልጆችዎም በስምዎ ሲጠሩዎት ሌላ ሰው በመካከል ገብቶ እንዳያርምባቸው ዘወትር እየጸለይሁ፣ ከእግርዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አካለ ወልድ ገብረ ኪዳን
የሟች መሪጌታ ልጅ

ማስገንዘቢያ፦ የአባታችንን ሞት ሰምተው ለእህቴ «የሐዘን እንጉርጉሮ ብታወጪ ጊዜው አሁን ነው» ሲሉ የላኩት ደብዳቤ ደርሷታል። እሷ መልስ ስላልሰጠች እኔ ልመልስ፤ በእኛ አገር ሙሾ አይሸጥም፣ ለሞተ ሰው በነፃ የሚሰጥ ነው። ቀኑ ሲደርስ ለክቡርነትዎም አንነፍግዎትም።