በገቢህ ልክ

ልጄ፣ አንተንም ባለቤትህንም ያቺን ጥርስ የምታወጣ ጨቅላችሁንም ክፉ አይንካብኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የትምህርት ብድርህን ቶሎ ለመገላገል ትልቁን ወርሃዊ ክፍያ መረጥህ አሉ። የነገረችኝ ባለቤትህ ናት፤ እንዳትቆጣት። እሷ ልጅ ታቅፋ ቤት እየዋለች፣ በአንተ ደመወዝ ብቻ እንዴት ይሆናል? እልህህ የአባትህ ነው። እኔ አርባ ዓመት ስሰፋ ሰው ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ነገ ዛሬ ሳትል ብድሩን የሰጠህ ቢሮ ሂድና በገቢዬ ልክ ልክፈል በል፤ በአንድ ደመወዝ ሦስት ሆናችሁ እንደምትኖሩም ንገራቸው። ዓመቱ ይረዝማል፣ ወለዱም ይጨምራል። ይጨምር፤ ልጅቷ ጠግባ ትደግ።

ለአዲስ የስፌት መኪና ብለህ የላክኸውን ገንዘብ መልሼልሃለሁ፤ አሮጌዋ አላሳፈረችኝም።

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ። የልጅቷን ቁመት በክር ለክተህ ላክልኝ፣ ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ከክሩ ሌላ ምንም እንዳትልክ።