ወፍጮ ያልሆነው ወፍጮ

ኅዳር 4

ውርጭ። ኮላው ረግቶ አልላላ አለኝ፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ መጠበቅ ነበረብኝ። እስከ ምሳ አንድ በርጩማ ብቻ።

ከሰዓት መሳፍንት ከአዲስ አበባ ደወለ፣ የባለቤቴ የመስታወት ታናሽ ወንድም። የሚሠራበት አካባቢ ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች አይቷል፤ አንዱን ለቤት ሊገዛልን ነው። «ጋሼ፣ ሚሊንግ ይሻልሃል ራውተር?» ይለኛል። እኔ እንጃ። ሁለቱንም አላውቃቸውም። «ላስብበት» አልኩት፣ እንደሚያውቅ ሰው። እስከ ገና መልስ ይፈልጋል።

ኅዳር 6

ራቤል ገበያ ወጥቼ ሞባይል ጠጋኙን በዕውቀቱን ጠየቅኩት። ራውተር ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው አለኝ፤ መሥሪያ ቤቶች አላቸው። ሚሊንግስ? ስልኩን ጎርጉሮ፣ ሚል ማለት ወፍጮ ነው አለ። እንግዲህ ይሄ ልጅ ለአናጢ ምን አስቦ ነው ኢንተርኔትና ወፍጮ የሚያማርጠኝ?

ቤት ገብቼ እየሳቅኩ ለመስታወት ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። «ወፍጮ?» አለች። ደግማ «ወፍጮ?»... እራት ስታቀርብ ታንጎራጉር ነበር።

ኅዳር 9

መሳፍንት ፎቶ ላከ። ወፍጮም ኢንተርኔትም አይደሉም። ሚሊንግ የተባለው ብረት የሚፈቀፍቅ ግዙፍ ነገር ነው፤ እንጨትም ይበላል አሉ። የሚፈቀፈቀውን ሞርሳ የሚሉት መቆንጠጫ ጠፍሮ ይይዝለታል፣ ሰውየው መዘውር ብቻ ያዞራል። ራውተሩ በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። ከሥሩ ስል ጥርስ ይሽከረከራል፣ እንጨቱ ላይ እየነዱት ይቦረቡራል። «ለአናጢ ምን ጥያቄ አለው፣ ራውተር ነው» አለ መሳፍንት።

ልክ ነው። ግን ራውተር የጸና እጅ ይፈልጋል...

እዚህ ብቻ ልጻፈው። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ክረምት ላይ ነው የጀመረኝ። የክረምቱ ብርድ ነው ብዬ ነበር፤ ክረምቱ አለፈ፣ እሱ አላለፈም። መርጌታ ቴዎፍሎስ ለመጽሐፍ ማንበቢያ ያዘዙኝ አትሮንስ ማጠፊያው ላይ ተሰነጠቀብኝ። አትሮንስ ከአንድ ጣውላ ነው የሚወጣው፤ ሁለቱ ክንፎች ሳይለያዩ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይታጠፋሉ። መሮው አንዴ ከሳተ ማገዶ ነው። «እንጨቱ ነው» አልኳት መስታወትን። እንጨቱ ምን በወጣው! ሁለተኛውም ተሰነጠቀ።

እጄ እምቢ ካለ እኔ ምንድን ነኝ? ፈርቻለሁ።

ኅዳር 10

ወፍጮ እንዳልሆነ ልነግራት ስገባ ጓዳውን በክንድ ስትለካ አገኘኋት። ወፍጮው የት እንደሚቆም። ሳልነግራት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ኅዳር 12

ከሚካኤል መልስ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሸዋ መንገድ ላይ ያዙኝ። ወፍጮው ለገብስ ብቻ ነው ወይስ ለበሶም ይሆናል? ይሉኛል። መስታወት ለማኅበሯ ነግራለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። የእኛ ሴቶች እህል አዝለው ቁልቁለቱን ወርደው፣ ዱቄት አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ። «ጀርባችንን አሳረፍከው፣ እጅህን ይባርከው» ብለው መረቁኝ። እጅህን! አሜን አልኩ።

ኅዳር 18

ጠዋት ለመሳፍንት ደውዬ ሚሊንግ ይሁን አልኩት። ለምን? አለ። ትልቅ ማሽን የሚያነሳ ስሪ ፌዝ መብራት አላችሁ? የለንም። በበራችሁ ይገባል? አይገባም። ታዲያ? ታዲያማ... «እሺ፣ ራውተር» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እጄን አየሁት። መልሼ ደወልኩ። «ቆይ፣ አትግዛ።» ጋሼ ምን ነካህ አለኝ።

ሚሊንጉ እጄን ይሸሽግልኛል፣ ቤት ግን አይገባም። ራውተሩ ቤት ይገባል፣ ግን ያሳጣኛል። መስታወት ደግሞ ወፍጮ ትጠብቃለች። ሦስት ማሽን ሆነብኝ።

ኅዳር 24

መሐል ሜዳ ደርሼ መጣሁ። ሸዋንዳኝ ዘንድ። አናጢነት አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን የቤት ዕቃ ይሠራል፣ ራውተር አለው። እስቲ ሞክረው አለኝ። ያዝኩት። እንደ ደነበረ በቅሎ ይዞኝ ነጎደ፤ የሰው ቁም ሣጥን በር አበላሸሁ። ሸዋንዳኝ አጥፍቶት እጄን አየ። ከዚያ «አፈወርቅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ክረምት፣ አልኩ። ሐኪም አሳየው አለ። ሌላ አልጠየቀኝም። ራውተሩን ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር አሰረው፤ ጥርሱ ብቻ በቀዳዳው ብቅ አለ። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ አይነቃነቅም፣ እንጨቱ ነው ጠረጴዛው ላይ የተመታውን መደገፊያ ታኮ ይዞ የሚሄደው። እኔ ገፋሁ፣ እሱ ከወዲያ ተቀበለኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ! እንባዬ መጣ።

«ብቻህን ግን አይሆንም» አለ። «ከወዲያ የሚቀበልህ ሰው ይኑርህ።»

ሰው... ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና መስታወት ነን።

ታኅሣሥ 1

ነገርኳት። ሽሮ እየበላን። ወፍጮ አይደለም የሚለውን ቶሎ ብዬ አለፍኩትና እጄ ላይ ቆየሁ። እጄ ነበር የከበደኝ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እጅህንማ አውቃለሁ» አለች። «ብርጭቆህን ጎደሎ የምቀዳልህ ለምን ይመስልሃል?»

ብርጭቆዬን አየሁት። ግማሽ ነው። ከመቼ ጀምሮ ግማሽ ሆነ?

«ወፍጮውን ግን አምኜ ነበር» አለች። አለቀሰች። ስለ እጄ ያላለቀሰች ሴት ስለ ወፍጮ... ግራ ገባኝ።

ታኅሣሥ 2

ገብስ አዝላ ስትወጣ አየኋት። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ዛሬ አየኋት።

ታኅሣሥ 5

ራውተር፣ አልኩት መሳፍንትን። እርግጠኛ ነህ? አለ። አይደለሁም። ግዛው ግን።

ጥር 8

መሳፍንት የላከው ራውተር ከጠረጴዛ ሥር ታስሯል፤ ጠዋት ከመስታወት ጋር ጣውላ አወጣንበት። እኔ እገፋለሁ፣ እሷ ከወዲያ ትቀበላለች። ቀስ በል ትለኛለች፤ አለቃ ሆናብኛለች። የአትሮንሱ ማጠፊያ አሁንም በመሮ ነው፤ እሱን እንዴት እንደምንወጣው አላወቅንም። መርጌታን ይቆዩኝ ብያቸዋለሁ። ጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል ጽፎልኛል፤ ሳምንት እንሄዳለን።

ከዚያ ገብሱን እኔ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። ገና ሳልደርስ ትከሻዬ ተላጠ። በየጊዜው ይሄን ነው የምትሸከመው? ሰልፉ ሁሉ ሴት ነው። እትዬ ጥሩሸዋ ከፊቴ ነበሩ።

«ያንተው ወፍጮ አልፈጭ አለህ እንዴ?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንዷ ግን ደንገጥ ብላ መስታወት አሟት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ደህና ናት» አልኩ። «እኔን ነው ያመመኝ። እጄን።»

በሰው ፊት ተናገርኩት። ተራዬ ደርሶ ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ማዳበሪያው በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ዱቄቱ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ጥሩሸዋ የራሳቸውን ዱቄት መሬት ላይ አስቀምጠው መጡና ማዳበሪያዬን በአንዱ በኩል ያዙልኝ።