መሸኛና ወንድም

ቀየት፣ መንዝ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ጌታነሽ፣

ለአንቺና ለልጅሽ ለጽናት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እንዴት ናችሁ ብዬ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን መኪና በየጠዋቱ ይወጣል፤ አንቺ ያለሽበት ጠባሴ ባሕር ማዶ አይደለም። መንገዱ ተዘግቷል የምልበት ጊዜ ነበር፣ በእርግጥም ተዘግቶ ያውቃል። ሲከፈት ግን አልመጣሁም። የሰበብ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ጫኔ ነው። ለብርድ የሚለበስ ባና ሊሸጥ በሄደበት ገበያ ላይ እንዳገኘሽ፣ ለሰው የበግ ጠጉር እየፈተልሽ እንደምትኖሪ፣ ጽናትም ትምህርቷን አቁማ ሻይ ቤት ዕቃ እንደምታጥብ የነገረኝ እሱ ነው። ስልክሽንም ሰጥቶኝ ነበር። ደወልኩና «ሃሎ» ስትዪ ዘጋሁት። ጥቅምት ላይ ደውሎ ድምፁን ያጠፋብሽ ሰው እኔ ነኝ።

እንደምታውቂው ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት አገራችን እንዴት እንደምትተዳደር ነው። ያኔ ሥነ ዜጋ ነበር፤ አሁን የዜግነት ትምህርት ይሉታል። የጃንሆይን ዘመን፣ የደርግን፣ ከዚያም ሕገ መንግሥቱ ጸድቆ አገሪቱ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ የሆነችበትን ጊዜ አስተምራለሁ፤ የፌዴራሉ ሥልጣን የቱ፣ የክልሉ የቱ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ምን ይሠራሉ፣ ይህን ሁሉ። የድሮው መጽሐፍ ካርታ ላይ ያሉት ክልሎች ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ አሥራ ሁለት ስለሆኑ ካርታውን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እንደገና እስለዋለሁ፤ ልጆቹም «መምህር፣ ዘንድሮስ ስንት ሆኑ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስዬ ስጨርስ ሁልጊዜ የምናገራት ነገር አለችኝ። «ይህ መስመር አጥር አይደለም፤ ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ቦታ የመኖር መብት አለው፣ አንቀጽ ሠላሳ ሁለት» እላለሁ። ደረቴን ነፍቼ ነው ታዲያ የምለው።

ታኅሣሥ ላይ አሥረኛ ክፍሎችን ስፈትን «አንድ ዜጋ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል ሄዶ ለመኖር ምን ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የጠበቅሁት መልስ ዜግነቱ ይበቃዋል የሚል ነበር። የጫኔ ልጅ ቤተል፣ ያቺ እዚህ ሳላችሁ ከጽናት ጉያ የማትወጣዋ፣ «መሸኛና ወንድም» ብላ ጻፈች። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል የለም። በቀይ እስክሪብቶ ስህተት አልኩት። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ወረቀቶች ማረም አቃተኝ። በማግሥቱ ወረቀቷን ስሰጣት አየችውና አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ለግማሽ ማርክ ስትሟገተኝ የምትውል ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ልነግርሽ አይደለም። አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ልጻፈው ብዬ ነው። ሃያ ዓመት ከኖርሽበት ከምዕራብ ተፈናቅለሽ፣ ልጅሽንና አንድ ፌስታል ልብስ ይዘሽ መጣሽ። ባልሽ ሸዋንዳኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳያይ ቀድሞ አርፏል። እኔ ቤት አሥራ አንድ ቀን ስትቀመጡ የጠየቅሽው የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር፣ ጽናት እዚህ ተመዝግባ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንድትወስድ። ቀበሌው፣ ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ አለሽ። ነፍስሽን ይዘሽ የወጣሽ ሰው መሸኛ ከየት ታመጪያለሽ? ነገሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። አንቺም ተነሥተሽ «በሕግ አምላክ፣ ወንድሜ መምህር ነው፤ ሕጉን እሱ ይናገር» አልሽ።

በሕግ አምላክ ከተባለ እኛ አገር የሚራመደው ይቆማል፣ የሚጣላውም እጁን ይሰበስባል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሊቀመንበሩ ምንተስኖት የእኔው ተማሪ ነበር፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። እኔም ተነሣሁና «ሕጉማ፣ ነዋሪነቷ በሌላ ክልል ነው፤ ያለ መሸኛ መመዝገብ ያስቸግራል» አልኩ። ተቀምጬ መነጽሬን መጥረግ ያዝኩ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። አንቺ ነጠላሽን አስተካከልሽ፣ የጽናትን እጅ ያዝሽና ወጣሽ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ሳይገባሽ አይቀርም፤ ቢሆንም ከእኔ ስሚው። ስለ ማሳው ነው። ያን ሰሞን መሬት የሚለኩ ባለሙያዎች መጥተው ሁሉን በየስሙ ሊያስገቡ ነው ተብሎ ነበር። የቀበሌው ነዋሪ ከሆንሽ ከአባባ የወንዝ ዳር ማሳ ድርሻሽን ትጠይቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ስለ ማሳ ትንፍሽ አላልሽም። ፍርሃቱ የእኔ ብቻ ነበር፣ ያውም የሌባ ፍርሃት። በሰማንያ ዘጠኙ ሽግሽግ ኮሚቴው መሬት ሲደለድል የቤተሰቡን ራስ ቆጥሮ ነው፤ አንቺም ተቆጥረሻል። ገመዱን ሲጥሉ አጠገባቸው ቆመሽ ነበር፣ አስታውሳለሁ። በአንቺ ራስ በተጨመረው መሬት ላይ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ገብስ ዘርቼ በላሁ።

ያልተማረ ሰው ብሆን አላወቀም ይባልልኝ ነበር። እኔ ግን አንቀጹን ከነቁጥሩ አውቀዋለሁ። ደግሞ ያንን እንዳውቅ አንቺ ከአራተኛ ክፍል አቋርጠሽ ቤት ቀረሽ፤ ሁለት ልጅ ማስተማር አይቻልም ሲባል «እሱ ይማር» ያልሽው አንቺ ነሽ። አይ እኔ! ተምሬ ምን እንደሠራሁበት አየሽልኝ?

ከቤተል ወረቀት በኋላ ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩና ምንተስኖት ዘንድ ሄድኩ። «ያኔ የነገርኳችሁ ሕግ ልክ አልነበረም» አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «መምህር፣ እኛ ሕጉን የምናውቀው ከእርስዎ ነው። እርስዎ እንዲያ ካሉ እኔ ምን ልበል?» አለኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ ደግሞ «በስብሰባ የተባለ ነገር ቢሮ ውስጥ አይፋቅም፤ ስብሰባ ላይ ቆመው ይናገሩት» አለ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆምኩ። «ሕጉን እያወቅሁ ደበቅሁት፤ እህቴን ያባረርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰደበኝም። ጋሽ ይታየው ብቻ በምርኩዛቸው መሬቱን እየጫሩ «ሕጉንስ ተወው ልጄ፤ እህትህ መሆኗን ማን አስረሳህ?» አሉኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

ቃለ ጉባኤው እዚያው ተስተካክሏል። በመሸኛው ፈንታ ሦስት ምስክር ይበቃል ተብሎ እኔ፣ ጫኔና ጋሽ ይታየው ፈርመናል። የቀረው አንቺ ቀርበሽ ፎቶ መስጠት ነው። ጽናትን ትምህርት ቤቱ በሁለተኛው መንፈቅ ሊቀበላት ፈቅዷል፤ የፈተናው ምዝገባ ግን የካቲት ሲያልቅ ስለሚዘጋ ቶሎ ድረሱ። ማሳው ላይም ስምሽ ከስሜ እኩል እንዲገባ አመልክቻለሁ። ውለታ የዋልኩልሽ እንዳይመስል ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

አሁን የቀረችኝ እምዬ ናት። ያን ቀን ራቤል ከተማ ለቅሶ ሄዳ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ስትመለስ «ጌታነሽ የት ሄደች?» አለችኝ። «ከተማ ይሻለኛል ብላ ሄደች» አልኳት። «ሳትሰናበተኝ?» ስትለኝም «አዎ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች። አሁን ጆሮዋ ደክሟል፣ ከደጅም አትወጣም፤ ትናንት የተናገርኩትን አልሰማችም። ሰዉንም እንዳይነግርብኝ ለምኛለሁ። በሕዝብ ፊት የቆምኩት ሰውዬ ለአንዲት አሮጊት እውነቱን መናገር አቃተኝ። እነግራታለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሳትመጪ በፊት ቢሆን እወዳለሁ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለአንቺ እንደሆነ ስነግራት ፊት ለፊቷ ያለሽ ይመስል መቀነቷን አጠባበቀች፤ ከዚያም «እኔ የምላትን ጻፍልኝ» አለች። እንደ ቃሏ ይኸው፦

«ልጄ ጌታነሽ፣ እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ፣ ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሳትሰናበቺኝ በመሄድሽ ተቀይሜሽ ነበር፤ እናትሽ አይደለሁም ወይ? እንግዲህ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ቂም ይዤ አፈር አልገባም። ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እናትን ማስቀየም ቀላል አይደለም። ነይ፣ ልጅሽንም አምጪልኝ። ወንድምሽ የሚልሽን ስሚ፤ እሱ አይጨክንብሽም። ማርያም በመንገድሽ ሁሉ ትቅደም።»

«ጻፍከው?» አለችኝ። «ጻፍኩት» አልኳት። «በል እስቲ አንብብልኝ» አለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ የእሷን ቃል ብቻ።

ወንድምሽ ተገኘ