በአጥሩ ሥር የበቀለው

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ዝናቡ ጋብ አለ። ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ መልሶ ዘነበበት። ያው እንደ ወትሮው።

አንድ ነገር ግን አለ። ከጓሮ አጥሩ ሥር ፓፍቦል ወጥቷል! ያ ነጩ፣ ድቡልቡሉ እንጉዳይ። የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፣ ገና ይፋፋል። በቅቤ ተጠብሶ… ምራቄን ዋጥኩ። ችግሩ የበቀለበት ቦታ ነው። ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ ጎረቤቴ ክሌመንት ጋ። አጥሩ መሀሉ ላይ ቆሟል።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ከወዲያ ማዶ ቆብ ብቅ አለ። እሱም ጎንበስ ብሏል።

“እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ፕሮበርት።”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሚስተር በፍተን።”

ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ ነን። እሱ የሚያረባቸው ንቦች ፊቴን ነድፈው ዱባ ሲያስመስሉኝ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ሳቀ። አሁን ብዙ ጊዜ አልፏል፣ እኔ ግን አልረሳሁም። ለምን እረሳለሁ?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 3

ቢላዬን ይዤ ወጣሁ። ፓፍቦል አይነቀልም፣ ይህን እናቴ ናት ያስተማረችኝ። በቆመበት ትቆርጫለሽ፣ ለዛሬ የሚበቃሽን ብቻ። ነገም እዚያው ይጠብቅሻል። ከኔ በኩል አንድ ቁራጭ ወሰድኩ። ውስጡ እንደ አይብ ነጭ። ከአሳማ ሥጋ ጋር ጠበስኩት።

ሽታው ወዲያ ማዶ ሄደ መሰለኝ፣ ክሌመንት አጥሩን ደበደበ።

“ምን እያደረጉ ነው? ይተዉት እንጂ! ይድረቅ! ለጭስ ነው የምፈልገው!”

“የምን ጭስ?”

“የንብ ነዋ! ደረቅ ፓፍቦል ሲጨስ ንብ ይደነዝዛል። በሚያዝያ ጭስ ባጣ ነው እርስዎን የነደፉት።”

“እና የእንጉዳይ እጥረት ነው ጥፋተኛው? እርስዎ አይደሉም?”

“ግማሹ የኔ ነው!”

“እኔም የራሴን ግማሽ ነው የምበላው።”

“ከአንድ ወገን እየተቆረጠ እኮ ሌላው ወገን ይበሰብሳል፣ ሴትዮ!”

ሴትዮ አለኝ። ነገም እቆርጣለሁ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 5

ትናንት ቆረጥኩ፣ ዛሬም ቆረጥኩ። እሱ በወዲያኛው በኩል ቆሞ እያየ ያጉተመትማል። ምግቡ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከሰዓት የእህቴ ልጅ ሼሪል መጣች። ለጭፈራ የምትለብሰውን ጉርድ ቀሚስ አምጥታ ወገቡን አጥብቢልኝ አለች። ጉድ እኮ ነው! ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ መሀሉ ነፋ ብሎ… ሐምራዊ፣ የሚያብረቀርቅ።

“ምን ይባላል ይሄ?”

“ፓፍቦል ነዋ፣ አክስቴ! ዘንድሮ ለንደን ውስጥ ይህን ያልለበሰ የለም።”

“ፓፍቦል የሚበላ ነው።”

“እሱን አያቶች ናቸው የሚያውቁት።” ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አያት የሚለው ትንሽ ቆረቆረኝ።

ቀሚሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እያየሁት አንድ ሐሳብ መጣብኝ… ኧረ አይሆንም። ነውር ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 6

አደረግሁት!

ጠዋት ቀሚሱን ከኔ ወገን ላለው የፓፍቦሉ ግማሽ አለበስኩት። በላዩ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዬን፣ ባለ ላባውን። በአጥሩ ሥር አንዲት አጭር ወፍራም ሴት ተቀምጣ ጸሎት የምታደርስ ትመስላለች። እኔ መጋረጃ ውስጥ ተሸሸግሁ።

ክሌመንት ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። አየ። ቆመ። ይጮኻል ስል ቆቡን አወለቀና በአጥሩ ላይ አጎንብሶ ሰገደላት።

“ወይዘሮ ፕሮበርት! ዛሬስ ከስተዋል። የሚበሉት ነገር አነሰዎት እንዴ?”

አፌን በመጋረጃው አፈንኩት። እንባዬ ወረደ። ኧረ እኔ ስንት ዘመኔ ነው እንዲህ ከሳቅሁ? ባሌ ከሞተ ወዲህ አላስታውስም።

ሰውየው ክፉ ነው። ግን ሞኝ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ክሌመንት በር ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። “ይህ ቤት ይሸጣል።”

ደብዳቤ አመላላሿ ነገረችኝ። በሐምሌ ከመሰላል ወድቆ አልነበር? ልጁ ሮላንድ ብቻህን አትኖርም ብሎ በርሚንግሃም ሊወስደው ነው። በዚህ ወር መጨረሻ።

ይሂድ። እኔ ምን አገባኝ? ጓሮውም ፀጥ ይላል፣ ንብም አይነድፈኝም። እንጉዳዩም ሙሉውን የኔ ይሆናል።

ቢላዋ አንስቼ ወጣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 9

አልቆረጥኩም። ምሳም አላማረኝም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 11

“ወይዘሮ ፕሮበርት! ለምንድን ነው መቁረጥ ያቆሙት? ታመሙ እንዴ?”

“ለጭስዎ ይድረቅ ብዬ ነው።”

ቆቡን አሽከረከረ።

“ለየትኛው ንብ? ቀፎዎቹን ሮላንድ ይሸጣቸዋል። ይብሉት፣ ምን ቸገረኝ።”

“መሄድ ይፈልጋሉ?”

“ማን ጠየቀኝ? ነገ ገዢዎች ይመጣሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው አሉ።”

እኔስ ለምን አልጠየቅሁትም? ማለቴ ጠየቅሁት… ግን አትሂድ አላልኩም። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ አፌ ይተሳሰር? ወይ እኔ!

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 12

ዛሬ ሳቅሁም፣ ፈራሁም።

ገዢዎቹ መጡ። ባልና ሚስት፣ ነጭ ጫማ ያደረጉ። ክሌመንት ሻይ ሊያፈላ ገባ፣ እነሱ ጓሮ ወጡ። እኔ አጥሩ ጋ አረም እየነቀልኩ ነበር። አረም አልነበረም፣ ሣር ነው የነቀልኩት።

ሚስትየዋ ፓፍቦሉን አየች። “እግዚኦ! ይሄ ምንድን ነው?”

እግዜር ይቅር ይበለኝ። “እሱ? ከቤቱ ሥር ነው የሚመጣው” አልኳት። “ዘንድሮ ደህና ነው፣ ውጭ ነው የወጣው። አምና ሳሎን ውስጥ ነበር።”

ባልየው የቤቱን መሠረት ማየት ጀመረ። “መድኃኒት የለውም?”

“በቢላዋ እንቆርጠዋለን። በነጋታው ደግሞ ያው ነው።” እሱስ እውነት ነው።

ቀና ስል ክሌመንት የሻይ ትሪውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። አበቃልኝ አልኩ። ሰውዬው ቤቱን ሊሸጥ፣ እኔ በገዛ ጓሮው ስም ሳጠፋበት…

ትሪውን በቀስታ አስቀመጠ።

“ሳሎኑን ብቻ ነገርሻቸው? መኝታ ቤቱን ረሳሽው እንዴ፣ ሙሪየል?”

ሙሪየል አለኝ! አንቺ አለኝ!

“እኔ ስንቱን ላስታውስ?” አልኩት።

“ባለፈው ክረምት ትራሴ ሥር ነበር” አላቸው ለገዢዎቹ። ፊቱ እንደ ቄስ። “ግን ሰው ይለምደዋል። ሻይ ይጠጣሉ?”

አልጠጡም። መኪናቸው ስትነሳ ጭቃ ረጨችን።

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያም ሳቁ አለቀ።

“ለምን ዋሸሽ?”

“እንዳትሄድ ነዋ! ሌላ ምን አለኝ? ስትሄድ ማንን ልጣላ ነው? ማን አጥሬን ይደበድባል? አትሂድ፣ ክሌመንት። ይኸው አልኩት።”

አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

“ሮላንድ የሚፈራው እንደገና ከመሰላል እንዳልወድቅ ነው።”

“መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።”

“አንቺማ ትነቀንቂዋለሽ።”

“ካናደድከኝ።”

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 13

ቤተ ክርስቲያን ቀረን። ሁለታችንም። አገር ያወራል፣ ያውራ።

ክሌመንት በጠዋት ሰሌዳውን ነቅሎ ለአንዱ ቀፎ ክዳን አደረገው። ከዚያ ከራሱ ወገን አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆርጦ በሳህን ይዞ መጣ። ጭሱስ ብለው፣ ከጫካ ሌላ እንፈልጋለን አለ። እንፈልጋለን!

ምጣዱን ጥጄ ሥጋውን እየጠበስኩ ስልኬ ጮኸ። ሮላንድ ነው። አባቱ የወደቀ ጊዜ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። “አባቴ ቤቱ የለም፣ እርስዎ ጋ ነው ወይ?” አለ። “አዎ” ብዬ ስልኩን ለክሌመንት ሰጠሁት።

ልጁ ሲጮህ እስከ ምድጃው ድረስ ይሰማል። “ገዢዎቹ ሸሹ! ቤታችን ውስጥ እንጉዳይ ይበቅላል ብላ ያወራችው ሴትዮ ማን ናት?”

ክሌመንት ወደ እኔ አየ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ምጣዱን አፍጥጬ አያለሁ፣ የማልሰማ መስዬ።

“ጎረቤቴ ናት” አለ። ወንበሩን ወደ ምድጃው ሳብ አደረገና፣ “ለጊዜው” አለ።

ሥጋው አረረብኝ። ክሌመንት ያረረውን አንድም ሳያስቀር በላው።