ስንቅ የሌለበት እስር ቤት

ማክሰኞ

ዋርዲያው ቁልፉን በቀኝ እጁ ይዞ በሩን ሲከፍት ፊልሙን መናቅ ጀመርኩ። ቁልፍ የሚያዘው በግራ ነው፤ ቀኙ ባዶ መሆን አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት ዋርዲያ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለው ነገር አያልፈኝም።

ፊልሙን በፍላሽ ያመጣልኝ ናትናኤል ነው፤ ልጄን ሳምራዊትን ሊያገባ ያሰበው የላቦራቶሪ ባለሙያ። "ጋሼ፣ ዓለም ያደነቀው የእስር ቤት ፊልም ነው፤ እስካሁን አለማየትህ ይገርማል" አለኝ። የድሬ ልጅ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ምን ይገርማል? ዳቦ ጋጋሪ በዕረፍቱ ዳቦ ሲጋገር ያያል እንዴ?

ከምሳ በኋላ ነው ያየሁት፤ ሰፈራችን ከዚራ በሙሉ በሩን ዘግቶ ከሙቀት በሚደበቅበት ሰዓት። ያስተዋልኩትን እጽፋለሁ፦

ቆጠራው በጣም ፈጣን ነው። ያን ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ሁልጊዜ ሽንት ቤት የሚገኝ አንድ ሰው አለ።

አለቃው ክፉ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል። እውነተኛው አያስታውቅም።

ስንቅ የለም። ይሄ ነው ያስደነቀኝ። በር ላይ ሳህን በነጠላ ቋጥራ የቆመች አንዲት ሴት እንኳ የለችም። ሁሉም መንግሥት የሰጠውን ይበላል። ታዲያ በር ላይ ያለው ዋርዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

ገና ሳይጋመስ መብራት ጠፋ።

ረቡዕ

ዛሬ ባለቤቴ ዘነቡና ሳምራዊትም አብረውኝ አዩ። አንዱ ዋርዲያ እስረኛ እስኪወድቅ ሲደበድብ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"አንተም እንዲህ ነበርክ?" አለች ዘነቡ።

"በሕይወቴ እስረኛ መትቼ አላውቅም።"

እውነቴን ነው። መዝገቤ ንጹሕ ነው። ደንብ አልጣስኩም፣ ጉቦ አልበላሁም፣ እጄን አላነሳሁም። ሳምራዊት እጄን ያዝ አድርጋ "አውቃለሁ አባ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙን በደንብ አልተከታተልኩም።

ሐሙስ

ናትናኤል መጥቶ ነበር። እሑድ ሽማግሌ ይልካል። አባቱ በልጅነቱ ነው የሞተው፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቤተሰቡ የተከራየበት ግቢ ባለቤት እንደ አባት ሆኖ አሳድጎታል። የሽማግሌዎቹም አፈ ጉባኤ እሱ ነው፤ ጋሽ ዩኒስ፣ ጨርቅ ነጋዴው።

"እሱም ታስሮ ያውቃል" አለ ናትናኤል እየሳቀ። "ድሮ፣ በኮንትሮባንድ ጨርቅ። ይሄን ፊልም ከኔ ጋር ነው ያየው። 'አቦ፣ የእኛ ይብስ ነበር' እያለ ከጣራ በላይ ሳቀ።"

የት እንደታሰረ ጠየቅኩት። ነገረኝ። እኔ በር ላይ የቆምኩበት ቦታ ነው፤ ዓመቱም ያው። ዩኒስ የጨርቅ ነጋዴው። ረጅም፣ ቀይ ሰው። አስታወስኩት። ከእሱ ይልቅ ግን ሚስቱን ነው ያስታወስኩት።

ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ስንቅ ያመጣ ሰው ዋርዲያው ፊት ይቀምሳል። ያ ወር ረመዳን ነበር። ሴትየዋ ማፍጠሪያውን ይዛ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች። "ጾመኛ ነኝ" አለችኝ። ጓደኞቼ እንዲህ ሲገጥማቸው ሌላ ጠያቂ ጠርተው ያስቀምሱ ነበር። እኔ ግን አዲስና ደንብ የምወድ ነበርኩ። "ወይ ቅመሺ ወይ ይዘሽ ተመለሽ" አልኳት። ቀመሰች። ጾሟን አስፈታኋት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሑድ ዩኒስ ደጄ ላይ ቆሞ ቢያውቀኝስ? ዞሮ ቢሄድ ልፈርድበት አልችልም። ሳምራዊት ግን ምን አጠፋች?

ዓርብ

ፊልሙን አልከፈትኩም።

ጠዋት አንድ ዘዴ አሰብኩ፤ እሑድ መልካ ጀብዱ ያለው የአክስቴ ልጅ ታመመብኝ ብዬ እጠፋለሁ፣ የዘነቡ ወንድም በቦታዬ ይቀመጣል። ቡና እየጠጣን ለዘነቡ ነገርኳት። አባት እያለ ልጅ በአጎት ትሰጣለች ወይ ብላ አፈጠጠችብኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሲኒውን ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ንገራቸው እንጂ" አለች።

የሴት ልጅ አባት የወንዱ ሽማግሌ ቤት ድረስ አይሄድም። ደንብ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ጁምዓ ነው፣ ሱቁ ይዘጋል። እያልኩ ምክንያት ስደረድር ዋልኩ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። በባጃጅ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ወረድኩ። ሱቁን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሦስቱም በሦስት ቋንቋ መለሱልኝ።

ዩኒስ ሸብቷል፣ ወፍሯል። የሳምራዊት አባት ነኝ ስለው ደንግጦ ተነሳ። የመጣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው አልኩትና ቆሜ ተናገርኩ፤ የትኛው እስር ቤት፣ የትኛው በር፣ የትኛው ረመዳን። ሪፖርት የማቀርብ ነው የመሰለኝ።

"አቦ ተቀመጥ!" አለ። "ስንቱን ዋርዲያ ላስታውስ? ፋጡማ! ነይ እስቲ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?"

ሚስቱ ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓዳ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር።

"ገና ሲገባ አውቄዋለሁ" አለች። "ጾሜን ግን አላስፈታኸኝም፣ ወላሂ። ጉንጬ ውስጥ ይዤው ወጣሁና ከአጥሩ ጥግ ተፋሁት። አንተ ዓይንህ ሳህኑ ላይ ነበር፤ የኔን አፍ መቼ አየህ!"

ዩኒስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ምን ዓይነት ዋርዲያ ነበርኩ ጃል!

እሷ ግን አልሳቀችም።

"የቆጨኝ ሌላ ነው" አለች። "በኋላ ገጠር እናቴ ዘንድ ሄጄ ሴት ልጅ ወለድኩ። አርባ ቀን ሳይሞላት አዝያት መጣሁ፣ አባቷ እንዲያያት። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘገየሁ። 'ሰዓት አልፏል፣ ሌላ ቀን ተመለሺ' አልከኝ። መኪናው የዚያኑ ቀን ነበር የሚመለሰው። በሳምንቱ ደግሞ እሱን ሩቅ ቦታ አዛወሩት። ልጁን ያያት በእግሯ ስትሄድ ነው።"

"ፋጡማ፣ ተይው አሁን" አለ ዩኒስ።

"ለምን እተወዋለሁ? ሊሰማ አይደል የመጣው?"

አላስታወስኩም። ፊቷን እያየሁ ሞከርኩ፤ ሕፃን፣ አንቀልባ፣ መኪና። ምንም። በቀን ስንቱን ሰው ሌላ ቀን ተመለስ እል ነበር። ይሄን ቃል መዝገብ ላይ አንጽፈውም፣ ጥፋትም ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። በጣም አፈርኩ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። ሻይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ዩኒስ እስከ መንገድ ሸኝቶኝ "ነገ እመጣለሁ። የምመጣው ለልጁ ስል ነው" አለኝ።

እሑድ

ሦስት ሆነው አራት ሰዓት ላይ መጡ። እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። ዩኒስ መሐል ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አለ፤ የተቀረውን ምርቃትና ምስጋና አልሰማሁትም።

የእኔ መልስ የታወቀ ነው። ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "ከዘመድ ጋር እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ይባላል፤ ሁለቴ ሦስቴ ይመላለሳሉ፤ የልጅቷ ክብር ነው። ዘነቡ ጠዋት አስጠንታኛለች፣ ቀጠሮውንም የዛሬ ሁለት ሳምንት ብላ ቆርጣለች።

አፌን ከፈትኩ። ዩኒስ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ በር ላይ።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ። "ግቡ፣ ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው "ዛሬውኑ?" ብሎ አመለጠው። ከመጋረጃው ኋላ ዘነቡ የያዘችው ነገር ወደቀ። ሳምራዊት ጓዳ ውስጥ መሳቋን ይሁን ማልቀሷን መለየት አልቻልኩም፤ ኋላ ስጠይቃት ሁለቱንም ነው አለችኝ።

ዩኒስ አንዴ አየኝ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዘነቡ "ልጄን ሊበላሽ እንደደረሰ ማንጎ በርካሽ አራገፍክብኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ ጎረቤት ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ምክንያቴን ነገርኳት። ሰምታኛለች፤ ግን እስካሁን አኩርፋለች።

ዩኒስ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆየት ብሎ ነበር። "ለፋጡማ እነግራታለሁ" አለኝ። ምን ብሎ እንደሚነግራት አልጠየቅኩትም።