ሌንሱ ከጣውላው አይፈታ

ዛሬ ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በካርቱም ከተማ፣ ዴም ሰፈር፣ በፎቶ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እኔ ኢክሪማ ኑርሁሴን፣ የሃያ አራት ዓመት ሰው፣ አእምሮዬ በቦታው እያለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። «አእምሮ ኖሮት ነው?» ብላችሁ የምትሥቁ ዝም በሉ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የሚጽፉልኝ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተድላ ናቸው፤ የተናገርሁትን ሳያሳምሩ እንዲጽፉም አስምያቸዋለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። የፊታችን ሐሙስ ሶባ ሐኪም ቤት ገብቼ በግራ ኩላሊቴ ላይ የበቀለውን እብጠት አስወጣለሁ። ሐኪሙን ለማሳቅ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ አልሳቀልኝም። እንደማታምኑኝም አውቃለሁ፤ አምና ሞቻለሁ ብዬ በአንሶላ ተሸፍኜ ካስለቀስኋችሁ በኋላ ብድግ ብዬ ፉል የጠየቅሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሐኪም ቤቱን ወረቀት ለሻይ ሻጯ ለእትዬ ሉጥፊያ ሰጥቻለሁ። ማኅተሙን በጥፍራቸው ፍቀው አይተውታል።

አንደኛ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት የነበሩት ጋሽ ዳውድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለሦስታችን፣ ማለት ለእኔ፣ ለአክስቴ ልጅ ለሙኒያና ለአብሮ አደጌ ለሻምበል፣ ሁለት ካሜራና አንድ ሌንስ ትተውልናል። ትልቁ የእንጨት ካሜራ ለሻምበል ይሁን፤ ቤት ተቀምጦ ደንበኛ መጠበቅ ይወዳል። ተጣጣፊው ለሙኒያ ይሁን፤ ዓርብ ዓርብ አል-ጣኢፍ ሰፈር ድረስ ተሸክማው እየሄደች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን የምታነሣው እርሷ ናት። ከዕቃ ሣጥን እኔ የሠራሁት ሦስተኛው ካሜራ ግን የኔው ነው። ከሶባ እመለስ ይሆናል፤ አትንኩብኝ።

ሁለተኛ። ሌንሱ ለማንም ለብቻው አይሰጥም። የተሰካው መዳፍ በምታህል ጣውላ ላይ ነው፤ እርሷም በተጣጣፊው ልክ የተቆረጠች ናት። ለትልቁና ለሣጥኔ መሐሉ የተከፈተ ሰፋፊ ጣውላ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ትንሿ ክፍቱ ላይ ትገባለች። የክፍቱን ዙሪያ ጥቁር ከፈይ ያለበሱልኝ ጋሽ ተድላ ናቸው። ከፈዩን ሳትጫኑ ፎቶ ብታነሡ ብርሃን ሾልኮ የደንበኛው ግንባር ላይ ነጭ ለምጽ ያወጣል። ሻምበል፣ ሌንሱን ፈትተህ በትልቁ ላይ ለዘለዓለም ልትቸነክረው እንደምታስብ አውቃለሁ። እዚያ ላይ ሌንሱ ስለሚያንስ የሥዕሉ ማዕዘን ይጨልማል፤ አንተ ግን ለደንበኛ «ጥበብ ነው» ትላለህ። ሙኒያ፣ አንቺም ማጣበቂያ ገዝተሽ ከአልጋሽ ሥር ደብቀሻል።

ሦስተኛ። ይህን ስናገር ጋሽ ተድላ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ፤ ይጻፍ አልኋቸው። ባለፈው የዓረፋ ዋዜማ ሌንሱን የሰረቀ የለም። በእትዬ ሉጥፊያ የስኳር ጣሳ ውስጥ የቀበርሁት እኔ ነኝ። ተራው የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም እያላችሁ ስትነታረኩ ሰለቸኝና ጥቂት ላሯሩጣችሁ ብዬ ነበር። ሙኒያ ግን ሻምበልን በሰው ፊት ሌባ አለችው። ቃሉ ከወጣ በኋላ እውነቱን መናገር ፈራሁ። በማግሥቱ ከባለ ሪክሻው ከጃፋር ባጃጅ ወንበር ሥር አገኘሁት ብዬ ዋሸሁ፤ ጃፋርንም በከንቱ አስጠረጠርሁት።

ይኸው ሰባት ወር አለፈ፤ ሁለቱ አይነጋገሩም። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ሌንሱ ሻምበል ዘንድ፣ ሐሙስና ዓርብ ሙኒያ ዘንድ ይውላል፤ በካልሲ ጠቅልዬ የማመላልሰው እኔ ነኝ። በመካከላቸው የገባሁ ሰፊ ጣውላ ሆኛለሁ። የፊታችን ሐሙስ ማን ያቀብላታል? ከሐኪሙ ቢላ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። አንዱ ይቸነክራል፣ ወይም አንዷ ታጣብቃለች፤ የአንዱ ካሜራ ሲያይ የሌላው ይታወራል።

ስለዚህ ሌንሱ ከጣውላው አይፈታ። ስትቀባበሉትም እጅ ለእጅ ይሁን፤ በሰው አይላክ፣ መስኮት ላይ አይቀመጥ። የወሰደው «ይዤዋለሁ» ይበል። ያችን አንዲት ቃል ከተናገራችሁ የቀረው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።

አራተኛ። ለጃፋር የላስቲክ እንሽላሊቴን ዛሬውኑ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንዳስጮኸው ራሱ ያውቃል። እትዬ ሉጥፊያ ስለ ጣሳው ይቅር ይበሉኝ፤ በዚያ ቀን ሻይዎ ብረት ብረት ይል ነበር።

ይህ ሁሉ ለተጠሩት ከተነበበ በኋላ ሻምበል «ይችም ቀልድህ ከሆነች ወላሂ የምቀብርህ እኔው ነኝ» አለኝ። ሙኒያ ገብታ ትንሿን ጣውላ በሰፊው ክፍት ላይ አስገባችና ትልቁ ካሜራ ላይ አቆመቻት፤ ከፈዩን ለመጫን ግን እጇ አልበቃትም። ሻምበል ሄዶ ከላይ ተጫነላት።

«ያዝኸው?» አለችው።

«ይዤዋለሁ» አላት።

እኔን ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። በዚህ ካሜራ ስምንት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እኔ ሁልጊዜ አምስተኛው ላይ ስለምዞር በየፎቶዬ ሁለት አፍንጫ አለኝ። ሻምበል ድምፁን አውጥቶ ቆጠረ። ፎቶው ታጥቦ ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዟል፤ ፊርማዬ እርሱ ነው።

ያዩና የሰሙ ምስክሮች፦
ሉጥፊያ ኦመር (የአውራ ጣት አሻራ)
ጃፋር አብራር (ፊርማ)
ጸሐፊው ተድላ እሸቴ (ፊርማ)

ወራሽ በኑዛዜ ላይ አይመሰክርምና ሁለቱ ከፎቶው ጀርባ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«ስምንት ድረስ ቆጠርሁ። ሻምበል»

«አልተነቃነቀም። ሙኒያ»